መቶ ብር የተጻፈበት ወርቅ

ስሜ እውነቱ ነው። ስሙን ያወጣልኝ አባቴ ነው፤ ከዚያ በኋላ ለመጣው ነገር ግን ኃላፊነት አልወሰደም። ቡራዩ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ የብረት በርና መስኮት እሠራለሁ። እኔ የሠራሁት በር ከተዘጋ ንፋስ እንኳ አንኳኩቶ ነው የሚገባው። አንድ ደንበኛዬ ቁልፉ ጠፍቶበት ሲታገል ውሎ፣ በመጨረሻ በሩን ትቶ ግድግዳውን አፍርሶ ገብቷል። ይህን ሳወራ የሚስቁ አሉ። ያላመነ ሄዶ ግድግዳውን ይመልከት፤ ተለስኗል እንጂ እዚያው ነው።

ትምህርቴ እስከ ሰባተኛ ነው። ሰባተኛን ሁለቴ ስለተማርኩት አንዱ እንደ ስምንተኛ ይቆጠርልኝ ብዬ ብጠይቅ ዳይሬክተሩ እምቢ አለ። በዚያው ተቀያየምን።

የማወራው ግን ስለ አባቴ ወርቅ ነው።

አባዬ ሰበታ፣ አንድ የክር ፋብሪካ ውስጥ፣ ማሽን ሲያስነሣና ሲያስተኛ ዕድሜውን ጨረሰ። ጡረታ ሲወጣ ፋብሪካው ለነባር ሠራተኞች ሽልማት አዘጋጀና ምረጡ አላቸው፤ ወይ ፍሪጅ፣ ወይ የወርቅ ሳንቲም። ጓደኞቹ በሙሉ ፍሪጅ አሉ። አባዬ ሳንቲም አለ። ጓደኞቹ ፍሪጃቸውን በጋሪ አስጭነው እልል እየተባለላቸው ወደየሰፈራቸው ሲገቡ፣ እሱ የደረት ኪሱን በእጁ ደግፎ በእግሩ መጣ። እናቴ ተስፋነሽ ለፍሪጁ ጥግ አስለቅቃ፣ ወለሉን አጥባ፣ ላዩ ላይ የሚነጠፍ ዳንቴል ሠርታ ነበር የጠበቀችው። ከኪሱ ያወጣውን ባየች ጊዜ ያለችውን እዚህ አልጽፈውም። ዳንቴሉ ራዲዮ ላይ ዋለ። በዚያ ዓመት ወተት በተበላሸ ቁጥር አባዬ ስሙ ይነሣ ነበር።

ሳንቲሙ የመታሰቢያ ሳንቲም ነው። በአንድ በኩል ጥንድ በሬ የጠመደ ገበሬ፣ በሌላው በኩል ዓመተ ምሕረትና «መቶ ብር» የሚል አለበት። የምን መታሰቢያ እንደሆነ ግን አልተጻፈም። የሰጡትም አልነገሩት፤ አባዬም አልጠየቀ። መታሰቢያ ሆኖ የሚያስታውሰው ነገር ማጣቱ ስላሳዘነኝ ሥራውን እኔ ወሰድኩለት። ለአንዱ የድልድይ ምረቃ ነው እላለሁ፤ ለሌላው በሬዎቹ የአንድ ንጉሥ በሬዎች ናቸው፣ ሲሞቱ በመድፍ ተቀበሩ እላለሁ። አባዬ ይሰማና ፈገግ ይላል። አንድም ቀን አላረመኝም። አሁን እሱ የለም፤ ነፍሱን ይማርና ሳንቲሙ ብቻ ቀርቷል።

ነገር የመጣው ታናሽ ወንድሜ ባርናባስ ላግባ ሲል ነው። እዚያው ሰበታ የፋብሪካ ኤሌክትሪሺያን ነው፤ የወደዳት ፌኔት ደግሞ እዚያው ጥራት ተቆጣጣሪ ናት፣ የሱሉልታ ልጅ። ጥሎሽ መጣል አለብን። ጥሎሽ እንግዲህ ይታወቃል፤ የወንድ ወገን ያመጣውን ልብስና ወርቅ አንድ በአንድ እያነሣ ያሳያል፣ የሴት ወገን ደግሞ የታየውን ሁሉ ያንኳስሳል። ልብሱንስ በብድርም በልመናም አሟላነው። ወርቁ ነው ጉዱ። የዛሬን የወርቅ ዋጋ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የወርቅ ቤት መስኮት ላይ አፍንጫን ለጥፎ ማየት እንኳ በቅርቡ ሳያስከፍል አይቀርም።

ያለን የአባዬ ሳንቲም ብቻ ነው። ይዘነው ሰበታ ወደ ሐሰን ሄድን። ሐሰን የልጅነት ጓደኛዬ ነው፣ ወርቅ ቤት አለው። ሚዛን ላይ አስቀመጠው፣ በድንጋዩ ፈተነው፣ ጥሩ ወርቅ ነው አለ። እኔ ስለ ንጉሡ በሬዎች ልጀምርለት ስል በእጁ አስቆመኝ።

«እውነቱ፣ ለእኔ በሬውም ገበሬውም አይመዝኑም» አለኝ። «እሳት ውስጥ ሲገባ ሥዕል የለም፤ ወርቅ ብቻ ነው ያለው። አንድ ሐብልና አንድ ቀለበት አወጣላችኋለሁ።»

ባርናባስ ሲቀልጥ መጀመሪያ የሚጠፋው የቱ እንደሆነ ጠየቀው፤ በሬዎቹ ናቸው ወይስ ገበሬው። ሐሰን ሳንቲሙን ከሚዛኑ አንሥቶ መዳፉ ላይ መለሰለት፤ መጀመሪያ እናታችሁን ጠይቁ ብሎ ሸኘን።

እናታችንን ጠየቅናት። ይቅለጥ አለች፤ እኔ ምን አገባኝ፣ ድሮም ለእኔ አልመጣም አለች። ከዚያ ምሳዋን ሳትነካ አነሣችው። እኔና ባርናባስ ተያየን።

ያኔ ነው ኤርምያስ ትዝ ያለኝ። ኤርምያስ የባንክ ጡረተኛ ነው፤ ሱሉልታ አዲስ ቤት ሠርቶ ሲገባ በሩን የሠራሁለት እኔ ነኝ። ሳሎኑ ውስጥ የስንት አገር ሳንቲም እንደ መጽሐፍ ደርድሮ፣ እንግዳ ሲመጣ ከሚስቱ በፊት እነሱን ነው የሚያስተዋውቀው። ፎቶ አንሥቼ ላክሁለት፤ ወዲያው ደወለ። የመታሰቢያ ሳንቲም ሁሉ መሰብሰቡ አያዋጣም አለኝ፤ ብዙው ሥዕል የተቀባ ጥፍጥፍ ወርቅ ነው፣ ከክብደቱ በላይ ሳንቲም አይጨምርም። ይኼኛው ግን እንደ ልቡ ከማይገኙት አንዱ ነው፣ ሳይነካካ ከኖረ ደግሞ ዋጋው ሌላ ነው። እሑድ እመጣለሁ፣ ማንም እንዳይነካው አለ።

እኔ ለእማዬ የነገርኳት የመጀመሪያውን ግማሽ ነው። ሳንቲሙን የሚያይ ትልቅ ሰው ከሱሉልታ እሑድ ይመጣል አልኳት።

እዚህ ላይ የሰፈራችን ሴቶች እንዴት እንደሆኑ ማወቅ ያስፈልጋል። እንግዳ ሊያየው የሚመጣ ነገር ሁሉ ይታጠባል። የክትባት ሐኪም ሲመጣ ሕፃኑ ይታጠባል፤ ቆጣሪ አንባቢ ሲመጣ ቆጣሪው ይወለወላል። እሑድ ኤርምያስ ገብቶ ሲቀመጥ፣ እማዬ ሳንቲሙን በነጭ ጨርቅ ላይ አድርጋ በሰሐን አቀረበችው። ዓይን ያጠፋል። እንዲህ የሚያበራ ነገር በቤታችን ታይቶ አያውቅም፤ ጣሪያው ላይ የብርሃን ክብ ሠርቶ ነበር፣ ሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ በእሱ ብርሃን መርፌ ክር ይገባል ብዬ አወራ ነበር።

ኤርምያስ አጉሊ መነጽሩን አወጣ፣ አየ፣ ኮፍያውን አወለቀ። እኔ ለአክብሮት መስሎኝ ነበር።

«እማማ፣ ማን ነው ያጠበው?»

«እኔ ነኛ! እንግዳ ይመጣል እየተባለ ቆሻሻ ይቀርባል እንዴ?» አለችው። በሎሚና በአመድ፣ ጠርዙ ላይ እምቢ ያላትን ደግሞ በድስት መፈተጊያ ሽቦ።

ሰውየው ጨዋ ነው፤ ቀስ ብሎ ነው ያስረዳት። ሰብሳቢ የሚከፍለው ሳንቲሙ ከማተሚያው ሲወጣ ለነበረው ቆዳ ነው፤ ያ ቆዳ አንዴ ከተላጠ ተመልሶ አይበቅልም። አሁን ይህ ሳንቲም የክብደቱን ያወጣል፣ ከክብደቱ በላይ ግን ምንም። ሳይታጠብ ቢሆን ምን ሊከፍል እንደነበረ እማዬ ራሷ ጠየቀችው። አይጠቅምዎትም ቢላትም ለቀቅ አላደረገችውም። ነገራት። ሻዩን ሳይጨርስ ተሰናብቶ ሄደ።

እማዬ ሰሐኑን ይዛ ቁጭ አለች።

«ፍሪጁንም አላገኘሁት፤ የሱንም ነገር በእጄ ገደልኩት» አለች። «ሐሰን ያቅልጠው በቃ። ባል የሞተባት መሆኔ አንሶ ባሏን ሞኝ ያስባለች ልሁን።»

ነገሩ ወርቅ መሆኑ ቀርቶ ነበር። ያ ሳንቲም የሐሰን እሳት ውስጥ ከገባ፣ እናቴ እስክትሞት ድረስ ባሌ ተሞኝቶ ነበር፣ እኔም ሞኝነቱን አጥቤ ጣልኩት እያለች ነው የምትኖረው። ባርናባስ ከተቀመጠበት ተነሣና፣ አይቀልጥም፣ እንዳለ ይቀርባል አለ። እኔም ደገፍኩት። ለሽምግልና ስንሄድ ከወርቅ በላይ የሆነ ወርቅ እናመጣለን ብዬ ስለነበር፣ ሌላ መውጫም አልነበረኝም።

በጥሎሹ ቀን ሚኒባስ ተኮናትረን የእንጦጦን ዳገት ወጣን፤ ወደ ሱሉልታ ስንወርድ ብርዱ በመስኮት እየገባ የእማዬን ነጠላ ይጎትታል። ድንኳኑ ከበረቱ አጠገብ ተጥሏል፣ የድርቆሽ ሽታ አለው። አካም ጅርቱ፣ ፈያ፣ ብለን በኦሮምኛ ሰላም ተባባልን። ከፊት የተቀመጡት የፌኔት አባት ታላቅ ወንድም ኦቦ ጉደታ ናቸው፤ ጋቢያቸው ላይ ካፖርት ደርበዋል። ወተት ነጋዴ ናቸው። ወተት ውስጥ ውሃ ከገባ ጣታቸውን ነክረው ብቻ የየትኛው ምንጭ ውሃ እንደሆነ ይናገራሉ ይባላል። ይህን ያወራሁት እኔ አይደለሁም፤ ሱሉልታ ነው የሚያወራው።

ልብሱን እያነሣሁ አሳየሁ። ቀሚሱ ሲነሣ አነሰ አሉ፤ ጫማው ሲነሣ አነሰ አሉ፤ ጃንጥላው ሲነሣ አንዷ አክስት ሱሉልታ ዝናብ የለም ወይ፣ በሁለት ጃንጥላ ነው የምንዳረው አለች። ሳቅ ነበር። ከዚያ ቀይ ጨርቁን ገለጥኩና ሳንቲሙን ከፍ አደረግሁት። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ብርሃን ሁሉ ወደሱ ሄደ። እልልታ ተጀመረ።

ኦቦ ጉደታ አምጣው አሉኝ። መነጽራቸውን አደረጉ፣ ገበሬውን አዩ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። ገለበጡት። እልልታው ቀስ በቀስ ቆመ።

«መቶ ብር ይላል» አሉ።

ሳንቲሙን ወደ ድንኳኑ አዙረው አሳዩ።

«እውነቱ፣ የልጃችንን ዋጋ ጽፋችሁበት ነው የመጣችሁት?»

ሴቶቹ በኦሮምኛ ተንሾካሾኩ፤ ቃሉ ባይገባኝ ዜማው ገብቶኛል። የፌኔት አባት መሬት መሬት ያያል። የባርናባስ ግንባር ላይ በዚያ ብርድ ላብ ወጣ። እኛ ቤት ስንት ጊዜ ያንን ሳንቲም አገላብጠን አይተናል፤ በጥሎሽ ቀን ቁጥር የተጻፈበት ነገር ማቅረብ ልጅቷን ገበያ ማውጣት እንደሚመስል ግን አንዳችንም አላሰብንም። የምንፈራው ሚዛኑን ነበር።

እንግዲህ እኔ ስጨነቅ ቀልድ ነው የሚመጣልኝ። ቡራዩ ውስጥ ሰው ሲያንኳስስህ፣ በዚያ ዋጋ ከሆነማ ግዛኝ ትለዋለህ፤ አፍሮ ዝም ይላል። እኔም ደረቴን ነፍቼ፦

«ኦቦ ጉደታ፣ መቶ ብር ነው ካሉ መቶ ብር ይስጡኝና ይውሰዱታ» አልኳቸው።

ሰውየው አላፈሩም። ካፖርታቸውን ከፈቱ፣ ከውስጥ ኪሳቸው አንዲት መቶ ብር አወጡ፣ እጥፋቷን በጣታቸው ዘረጋግተው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። ሳንቲሙን ደረት ኪሳቸው ከተው ቆለፉት።

«ገዝቻለሁ። ድንኳን ሙሉ ምስክር አለኝ» አሉ። «በሉ አሁን ወርቃችሁን አምጡ።»

በዚህ ሁሉ ዘመን ስንቱን ስሸውድ ኖሬ፣ አንድም ሰው እንደዚያ አቁሞ አላስቀረኝም። መቶ ብሯን እንደ ያዝኩ አንድ ጊዜ ባርናባስን አንድ ጊዜ ሰማዩን አየሁ።

ኦቦ ጉደታ ግን አልጨረሱም። ገንዘብ ስለሆነ በገንዘብ ገዛሁት፣ ገንዘብ አይደለም የምትል ከሆነ ምን እንደሆነ ንገረኝና እመልሳለሁ አሉ። ለሽምግልና የመጣህ ዕለት የድልድይ መታሰቢያ ነው አልከን፤ ድልድዩ የት እንዳለ ብንጠይቅ ጎርፍ ወሰደው አልክ። ወንድሜን መንገድ ላይ አግኝተህ ደግሞ የንጉሥ በሬዎች ናቸው አልከው።

«ዛሬስ የምን መታሰቢያ ነው?» አሉኝ። «እኔ ወተት ነው የምነግድ። ውሃ ስትጨምርበት አውቅብሃለሁ።»

ሦስተኛ ወሬ አዘጋጅቼ ነበር፤ ያማረ ወሬ ነው፣ መርከብ አለበት። አፌን ከፈትኩ። ምንም አልወጣም። ባርናባስ ይመስክር።

እናቴ ከኋላ ተነሣች። ነጠላዋን አስተካከለች።

«የፍሪጅ መታሰቢያ ነው» አለች።

መጀመሪያ የሳቁት ልጆች ናቸው፤ ከዚያ ድንኳኑ ሁሉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ሳቁ እስኪያልቅ ቆማ ጠበቀችና ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ምረጡ መባላቸውን፣ የጎረቤቱን እልልታ፣ ዳንቴሉን፣ እሷ በወተቱ ምክንያት ስንት ክፉ ቃል እንደተናገረችው። ፍሪጅ የመረጡት ሰዎች ፍሪጅ ዛሬ ግማሹ የጤፍ ማስቀመጫ ሆኗል፣ ግማሹ ቆራሌው ወስዶታል አለች። ከዚያ እኔ ሰምቼው የማላውቀውን አመጣች።

«ያን ዕለት ስጮህበት ዝም ብሎ ሰማኝ። ባርናባስ ያኔ ገና በደረቱ ይሳባል። አነሣውና፣ ‹ተስፋነሽ፣ ፍሪጁ ያረጃል፤ ይሄ ልጅ የሰው ልጅ ለምኖ ሲሄድ ምን ይዘን እንቀርባለን?› አለኝ። እኔ አልመለስኩለትም። ይኸው ዛሬ ይዘነው ቀረብን።» ነጠላዋን መልሳ ትከሻዋ ላይ ጣለች። «ሰብሳቢ ቢያየው ዋጋ የለውም፤ እኔ ነኝ በሽቦ ፈትጌ ያጠፋሁት። አንጥረኛ ቢያየው በግራም ነው የሚቆጥረው። እናንተ ደግሞ መቶ ብር አላችሁት። ብትፈልጉ አቅልጡት፣ ሐብል ይወጣዋል። መቶ ብር ግን አይበሉት ኦቦ ጉደታ። የኔ ባል ለመቶ ብር ብሎ አልተሳቀበትም።»

ከበረቱ አንዲት ላም ጮኸች።

ኦቦ ጉደታ መነጽራቸውን አውልቀው ኪሳቸውን ፈቱ። ሳንቲሙን አወጡ፤ ለእኔ አይደለም፣ እኔን አልፈውኝ ሄዱ። እናቴ ፊት ቆመው በሁለት እጃቸው ሰጧት።

«ይሄ ውሃ የለውም» አሉ። «ገንዘብ ከሆነ እኛ ልጅ አንሸጥም። ሰው ለልጁ ሠርግ ብሎ ተስቆበት ያኖረው ከሆነ ደግሞ እኔ በኪሴ የምይዘው ነገር አይደለም። እርስዎ በእጅዎ ይስጧት።»

ፌኔት ተጠራች። ከሚዜዎቿ መሃል ወጥታ መጣች፣ የእናቴን ጉልበት ልትስም ጎንበስ አለች፣ እናቴ አነሣቻት፣ ሳንቲሙን መዳፏ ላይ አኖረችላት። ያቺ የጃንጥላዋ አክስት ዝም የማትል ሴት ናት፤ ወርቅ የሚያምረው አንገት ላይ ነው፣ ይቅለጥና ሐብል ይሁንልሽ ወይስ እንዲሁ ይቀመጥ ብላ በሁሉ ፊት ጠየቀቻት። እናቴ ስትሰማ ትንፋሿን ያዘች፤ አጠገቧ ስለነበርኩ አውቄያለሁ።

ፌኔት ሳንቲሙን ገልበጥ አድርጋ ገበሬውን አየችው።

«ሐብል እኔን ነው የሚያስጌጥ» አለች። «እኔም ወንድ ልጅ ወልጄ ሱሉልታ ይሁን ሰበታ ጥሎሽ ልጥል ብሄድ፣ ይዤው የምቀርበው ያስፈልገኛል። አይቀልጥም።»

እንዲህ ያለ እልልታ በሕይወቴ አልሰማሁም። እኔ ነገር ማጋነን እንደማልወድ ይታወቃል፤ ያም ሆኖ እንጦጦ ላይ ያሉ ባሕር ዛፎች ቅጠላቸውን አራግፈዋል። ሽማግሌዎቹ ተነሥተው ሆራ ቡላ እያሉ መረቁ። የፌኔት አባት ከመሬት ላይ ዓይኑን አነሣና ባርናባስን አቀፈው። መቶ ብሯን ለኦቦ ጉደታ ልመልስ ብል እጄን ገፉት። ያዛት፣ እስካሁን ካወራኸው ሁሉ ገንዘብ ያወጣው ወሬህ ይሄ ብቻ ነው አሉኝ። እንዲህ ያለ ሰው ዘመዴ በመሆኑ እስከዛሬ እኮራለሁ። ቡራዩ መጥተው የሠራሁትን በር ካዩ ደግሞ እሳቸውም ይኮራሉ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ተሳፈርን። እማዬን ሾፌሩ አጠገብ፣ ከፊት አስቀመጥናት። የዳገቱን ጫፍ ሳንደርስ ሾፌሩ፣ ማዘር፣ ጥሎሹ እንዴት ነበር አላት። ጀመረች። ሽማግሌዎቹ ሁሉ ሳንቲሙን ሲያዩ ብድግ አሉ አለችው። ከመሃላቸው አራቱ አለቀሱ አለችው። ያለቀሰው አንድ ሲሆን እሱም ጉንፋን ይዞት ነበር። አንድ ሰብሳቢ ለዚያ ሳንቲም ሱሉልታ ያለውን ቪላ ከነ በሩ ሊሰጠን ለምኖን፣ እኔ ነኝ እምቢ ብዬ የመለስኩት አለችው። ሾፌሩ ሙዚቃውን ዘጋ።

ባርናባስ በክርኑ ጎሸመኝ፤ አርማት እንጂ ማለቱ ነው። ተዋት አልኩት። ወንበሬ ላይ ደገፍ ብዬ እጄን አጣጥፌ አዳመጥኳት። እንደ እሷ አሳምሮ የሚያወራ ሰው ቤታችን ውስጥ ኖሮ ሳላውቅ መኖሬ ገረመኝ።

«ባልሽ ምንድን ነበር ሥራው ማዘር?» አላት ሾፌሩ።

እማዬ ነጠላዋን አገጯ ላይ ሰብሰብ አደረገችና በመስታወቱ ከተማውን እያየች ትንሽ አሰበች።

«እሱ?» አለችው። «እሱ ወርቅ ያውቅ ነበር።»